«ኔቨር» ያልኩበት ቃለ ጉባኤ

እንግሊዝኛን ከደብተር የተማረ ሰው ሁሉ «ኔቨር» የምትለዋን ቃል የሚያውቃት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ትርጉሟ «ፈጽሞ፣ በጭራሽ» ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ህንዳዊው መምህራችን አጠቃቀሟን በደንብ አስረድተውናል። ከሌላው ግሥ በፊት ትገባለች፤ «አም» ካለ ግን ከእሱ በኋላ ትቀመጣለች። ሳይነግሩን የቀሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሏን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ መናገር እንደማይገባ። በእርሳቸው አልፈርድም። ያኔ ቀበሌ የሚባል ነገር ገና አልመጣም።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ሊያፍሩብኝ ከሚችሉት ሰዎች አብዛኞቹ አሁን የሉም፤ ስለዚህ ደፍሬ ልጻፈው።

የምንኖረው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ውስጥ የማሽን ሠራተኛ ነው። ሞተር ሲያቃስት ከሦስት ግቢ ርቀት ሰምቶ የበሽታውን ዓይነት ይናገራል። የሚስት ማቃሰት ግን ሰምቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አቃስቼ አላውቅም። እናቴ ያሳደገችኝ «ሆድ የባሰው አፍ አያብዛ» እያለች ነው። በቤታችን ስሜት እንደ ክት ልብስ ነበር፤ ለበዓል ካልሆነ ከሳጥን አይወጣም፣ በበዓልም ቢሆን እንዳይቆሽሽ እንፈራለን።

አንድ ዓመት ለማበጠሪያው አዲስ ማሽን መጣ። ከማሽኑ ጋር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አብሮ መጣ። ማሽኑን የሚያውቅ አለ፤ መጽሐፉን የሚያነብ ግን ጠፋ። ኃላፊዎቹ መከሩና ሠራተኞቹ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ እንግሊዝኛ እንዲማሩ ወሰኑ። አስተማሪዋ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወይዘሪት ሰሎሜ የምትባል ወጣት መምህርት ነች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ይህን ሰው «እንግሊዝኛ ላስተምርህ» እለው ነበር። «ማሽኑ አማርኛም አይችልም፤ ግን ተግባብተናል» ይለኛል። እኔም ዝም እላለሁ። አሁን ግን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጢሙን መላጨት ጀመረ። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር ካውያ በየት በኩል እንደሚያዝ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ «ኔቨር» ቤት ገባች።

«ሽሮ ልጨምርልህ?»

«ኔቨር!»

«ጎረቤት መጥረቢያ ሊዋስ መጥቷል።»

«ኔቨር!»

ዶሮዋ ሳሎን ስትገባ እንኳ «ኔቨር! ኔቨር!» እያለ ያባርራታል። ዶሮዋም ከእኔ ይልቅ እሱን ትሰማው ጀመር። ቃሏን እኔ ከእሱ በፊት አውቃት ነበር። ሃያ ዓመት በሆዴ ይዣት አንድ ቀን ሳልጠቀምባት የኖርኩትን ቃል አንዲት የትናንት ልጅ አምጥታ ባሌ አፍ ላይ አኖረችብኝ። በባሌ ቀናሁ፤ በእንግሊዝኛዬም ቀናሁ። የትኛው እንደባሰ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ጎረቤቴ ሐሊማ በቅናት ጉዳይ ከእኔ የበለጠ ልምድ ነበራት። ባሏ ጨርቅ እየነገደ በጅማና በአጋሮ መካከል ይመላለሳል፤ አጋሮ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሚስት አለችው። አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«ምነው ፊትሽ? ኤጋ፣ እንግዲህ ንገሪኝ።»

«ምንም።»

«በባልሽ አስተማሪ ቀንተሻል።»

«እኔ? አልቀናሁም።»

«አስተግፊሩላህ! ጾመኛ ነኝ፣ አታስቂኝ። ባልሽ ትናንት በዚህ ሲያልፍ ሽቶው ከእኔ ቤት በርበሬ ጋር ተጣላ። ሂጂና እያት እንጂ! እኔ ጣውንቴን በዓይኔ ያየኋት ቀን ነው ትንሽ ያረፍኩት።»

«ለምን? መልከ ጥፉ ናት?»

«ቆንጆ ናት ወላሂ። ግን ሻይ ስታፈላ አየኋት። እንደ ሻይዋ ከሆነ ይመለሳል አልኩ፣ ተኛሁ።»

በነጋታው ሐሙስ ነበር። ነጠላዬን ተከናንቤ አዳራሹ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የሴቶች ማኅበር አባል ስለነበርኩ ማንም አልከለከለኝም። ታደሰ ዞሮ አየኝና እንደ ታመመ ሞተር ሳል ያዘው።

የአዳራሹ ደንብ መታወቅ አለበት። በዚያ ዘመን ከአምስት ሰው በላይ የተቀመጠበት አግዳሚ ሁሉ ስብሰባ ነው። ስብሰባ ደግሞ ሰብሳቢ፣ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤና የአቋም መግለጫ ያስፈልገዋል። ማበጠሪያው ውስጥ ባዶ ክፍል ስላልነበረ ትምህርቱ የሚሰጠው በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ ስለዚህም ሊቀመንበሩ ጓድ ወርቁ ሊመሩት፣ ጸሐፊው ሊመዘግበው ግድ ሆነ። ጓድ ወርቁ ተነሡና «አጀንዳ አንድ፣ እንግሊዝኛ። አጀንዳ ሁለት፣ ልዩ ልዩ» ብለው ከፈቱ። መምህርቷ ጠመኔዋን ይዛ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። ለምዳዋለች መሰለኝ።

በደንብ አየኋት። ቀጭን ናት፤ ጫማዋ ተረከዝ የለውም፤ ክርኗ ጠመኔ ነክቶታል። ቆንጆ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ቆንጆ ሴት ጠላት ለመሆን ትመቻለች። ይቺ ግን ደስ የምትል ነበረች፤ ይህ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

የዕለቱ ትምህርት «ኔቨር» ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ተነሥቶ ፈጽሞ የማያደርገውን አንድ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲናገር አዘዘች። የማበጠሪያው ዘበኛ አባ መጫ ቀድመው ተነሡና «አይ ኔቨር ስሊፕ» አሉ። አልተኛም ማለታቸው ነው። ጓድ ወርቁ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ፤ መምህርቷ ተረጎመች፤ ጸሐፊው ጻፈ፦ «ጓድ መጫ በጥበቃ ላይ ፈጽሞ እንደማይተኙ ለቤቱ አስረድተዋል።» ተጨበጨበ።

«ይህ መልመጃ ብቻ ነው እኮ» አለች መምህርቷ።

«ገብቶናል» አሉ ጓድ ወርቁ። «ግለ ሂስ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ይቀጥል።»

ራሳቸውም ተነሥተው «አይ ኔቨር ሚስቴክ» አሉ። ስህተት ሠርተው እንደማያውቁ ሲተረጎም ማጨብጨብ ይሻል ይሆን ዝም ማለት ያልታወቀበት አጭር ጊዜ ነበር፤ በመጨረሻ ተጨበጨበ።

ቀጥሎ ታደሰ ተነሣ። ላብ በላብ ሆኗል። ምስኪኑ ሰውዬ የሚያውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ በድንጋጤ ጊዜ አብረው የመጡለት «ድሪንክ» እና «ኮፊ» ብቻ ነበሩ።

«አይ ኔቨር ድሪንክ ኮፊ» አለ።

ጅማ ተወልዶ፣ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ እየሠራ፣ በቀን ስድስት ስኒ የሚጠጣ ሰው! አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም፤ ጻፈ። መምህርቷም ፈገግ ብላ «ቬሪ ጉድ፣ ጋሽ ታደሰ» አለችው። ባሌ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ይህን ጊዜ ነው እኔ የተነሣሁት። ማንም አልጠራኝም። እግሬ ነው ያነሣኝ። ሁሉም ቃሏን ከግሥ በፊት ሲያስገቡ ሰምቻለሁ፤ ከ«አም» በኋላ እንደምትቀመጥ የሚያውቅ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር የለም። ይህን ላሳያት ፈለግኩ። «አይ አም ኔቨር» ብዬ ጀመርኩ። የሚቀጥለውን ቃል ግን አላሰብኩበትም። «ታየርድ» ልል እችል ነበር፤ «ሲክ» ልል እችል ነበር። ከልብ ሞልቶ የተረፈውን አፍ ይናገራል እንደሚባለው፣ የመጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«አይ አም ኔቨር ጄለስ!»

«ኤክሰለንት!» አለች መምህርቷ። ከልቧ ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

«ምን አለች?» አሉ ጓድ ወርቁ።

«ፈጽሞ አልቀናም ነው ያሉት።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «በባል?» ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ ዞሮ እያየኝ ነው። ታደሰም እያየኝ ነው። ምን ልበል? «በምንም» አልኩ።

ጭብጨባው የአባ መጫን አስረሳ። ታደሰ ብቻ አላጨበጨበም፤ ምናልባት እጁ ላይ ደብተር ስለነበር ይሆናል አልኩ።

በሳምንቱ ቃለ ጉባኤው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አባ መጫ በሦስተኛው ቀን በር ላይ ሲያንቀላፉ ተገኙና «የገቡትን ቃል አፍርሰዋል» ተብለው ተወቀሱ። «ልጄ፣ እንቅልፉ እኮ አማርኛም እንግሊዝኛም አይሰማም» ብለው ቢከራከሩ ማን ሰምቷቸው። ታደሰ ደግሞ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ከሚያዘወትረው ቡና ቤት ገብቶ ስኒ ሲያዝ ቡና ሻጯ «አንተ ተጽፈሃል፣ እኔን አታስጠይቀኝ» ብላ ሻይ አመጣችለት። ከዚያ ወዲያ ቡናውን የሚጠጣው ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቶ፣ በውሃ ኩባያ ሆነ። በቡና አገር እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ቡና ደብቆ የጠጣ ሰው ከእሱ በቀር አላውቅም።

የእኔ ዕዳ የመጣው ክረምቱ ሲበረታ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጓድ ወርቁ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር በራችን ላይ ቆሙ። ኋላቸው ወይዘሪት ሰሎሜ አንድ ሻንጣና አንድ ባልዲ ይዛ ዝናብ ላይ ቆማለች።

«የመምህርቷን ቤት ጣሪያ ነፋስ ወስዶታል» አሉ። «ቆርቆሮ እስኪመጣ በደባልነት የምትቀመጥበት ቤት ስንፈልግ ነበር። በየቤቱ ሚስቶቹ 'ወጣት ሴት ባሌ ካለበት ቤት አላስገባም' እያሉ አስቸገሩን። ከዚያ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አየ። በዚህ ቀበሌ ውስጥ ፈጽሞ እንደማይቀኑ በይፋ ያረጋገጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዝናቡ ባልዲዋን እየሞላ ነበር።  

«ምን ይላሉ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ልጅቷ ዝናብ እየመታት ነው፤ ትግባ» አልኩ።

የልጆቻችን ክፍል ተሰጣት፤ ልጆቹ ወደ እኛ ክፍል መጡ። ሐሊማ ወሬውን ስትሰማ አጥሩ ላይ ተደግፋ እስክትጨርስ ሳቀች።

«የእኔዋ አጋሮ ናት፤ በመካከላችን ጫካም ወንዝም አለ። አንቺ ሳሎንሽ ድረስ አስገባሽ! በገዛ አፍሽ! ያውም በእንግሊዝኛ!»

«ጣሪያዋ ተነቅሎ ነው።»

«ያንቺም ሊነቀል ነው፣ ወላሂ። ቆይ፣ እስቲ ስሟን ማን ብለሽ ትጠሪያታለሽ? እኔ ጣውንቴን 'ያቺ' ነው የምላት።»

ሰሎሜን ግን «ያቺ» ማለት አይቻልም ነበር። ሰበብ አትሰጥም። ከእኔ ቀድማ ትነሣለች፤ ግቢውን ትጠርጋለች፤ ውሃ ቀድታ ትጠብቀኛለች። የበላችበትን ሳህን ላነሣ ስል «እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ትላለች። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ቤቴ ውስጥ «እርስዎ» ተባልኩ። ጠላት «አንቺ» ብሎ ቢሰድብ ይሻላል። ሽሮዬን አመሰገነች። ልጆቼን የሒሳብ ጥያቄ አሠራቻቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጥፋት ስፈልግባት ቆየሁና ያገኘሁት ሳሙናውን እርጥብ ቦታ ላይ ማስቀመጧን ብቻ ነው። እሱንም ይዤ ቆየሁ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ልጠቀምበት።

ከሥራ መልስ ታደሰና እሷ ሳሎን ተቀምጠው የማሽኑን መጽሐፍ ያነባሉ። እኔ ዳንቴሌን ይዤ በመካከላቸው ወንበር አስጠግቼ እቀመጣለሁ። ሰው ንዴቱን በጩኸት ያወጣል፤ እኔ በክር አወጣሁት። እሷ አንድ ገጽ ስታነብ እኔ አንድ ስንዝር እሠራለሁ። ታደሰ ከሳቀ ሁለት ስንዝር። መጀመሪያ የሬዲዮው ልብስ አለቀ። ቀጥሎ የጠረጴዛው፣ የወንበሮቹ፣ የውሃ ጋኑ። በሦስተኛው ሳምንት ፋኖሱም፣ ወንፊቱም፣ የልጆቹ ደብተርም ዳንቴል ለብሰው ነበር። ሐሊማ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና «ሰውየውንስ መቼ ነው የምታለብሺው?» አለችኝ።

አንድ ቀን ሰሎሜ እንደ ዋዛ «አቦካዶ እወዳለሁ» አለች። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ የአቦካዶ ዛፍ አለ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ፍሬውን የማወርደው እኔ ነኝ፣ በረጅም ዘንግ። በማግስቱ ከመስኮት ስመለከት ታደሰ በተተኮሰ ሸሚዝ ዛፍ ላይ ነው። ዝናብ ያረጠበው ቅርንጫፍ የአንድ ጎልማሳ ሞኝነት ከብዶት ተሰበረ። ባሌም ከነቅርንጫፉና ከነፍሬው ወረደ። ሰሎሜ ሮጣ «ተጎዱ እንዴ?» ብትለው መሬት ላይ ተዘርግቶ «ኔቨር» አለ።

ጉልበቱን በሙቅ ውሃ አሸሁለት። ከሚያስፈልገው ትንሽ አጥብቄ።

«ዐሥር ዓመት በዘንግ አወረድኩ» ልለው ነበር። «ነገ ያብጥብሃል» አልኩት።

በዚህ መካከል ነው የአጋሮው ጉዞ የመጣው። ከአጋሮ ወጣ ብሎ አዲስ የቡና ማጠቢያ ተሠርቶ የውጭ አገር ባለሙያዎች ሊያዩት ይመጣሉ ተባለ። ታደሰ ማሽኑን ሊያሳይ፣ ሰሎሜ ልታስተረጉም ታዘዙ። ዓርብ ጠዋት ከሌሎች ስምንት ሠራተኞች ጋር በጭነት መኪና ሄዱ። እሷ ሴት ስለሆነች ጋቢና ተሰጣት። እሱ ጉልበቱ ያበጠ ስለሆነ ጋቢና ተሰጠው። ያን ጉልበት ያሸሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ ይመለሳሉ ተብሎ ነበር፤ አልተመለሱም። የመጡት ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ ዐሥሩም ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ሆነው። መንገዱ ተቆርጦ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አድሯል።

ሰሎሜ ልትታጠብ ገባች። ታደሰ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ በዝግታ አየኝ።

«አትጠይቂኝም?» አለ።

«ምን?»

«የት አደርክ ብለሽ።»

«መንገዱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ።»

«አዎ፣ መንገዱ ነው» አለ። ሁለተኛውን ጫማ ፈታ። «አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን 'የት ቆየህ' ብለሽኝ አታውቂም። የሌላው ሚስት በር ላይ ቆማ ትጮሃለች። የእኔን ሰዎቹ ሁሉ 'ታድለሃል' ይሉኛል።»

«አልታደልክም?»

«እንጃ። ግድ ያላት ሴት ትጮሃለች ይመስለኛል። አንቺ ግን ምን ቸገረሽ። ተጽፏል።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ። እኔ እዚያው ቆምኩ። መጮህ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚጀመር ለማሰብ ሞከርኩ፤ ከደረት ነው ከጉሮሮ? ሰው በዚህ ዕድሜው ከየት ይማረዋል? ይህን ያህል ዘመን ዝም ያልኩት አክብሬው ነበር። እሱ ግን ዝምታዬን እንደ ባዶ ቤት ዝምታ ሲሰማው ኖሯል። ለካ በዚያ አዳራሽ ያላጨበጨበው ደብተር ስለያዘ አልነበረም። ዳንቴሉን አነሣሁ፤ አስቀመጥኩት። የሚለብስ ዕቃ አልቆብኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነው። የሄድኩት ጣሪያው ቶሎ ይሠራላት ብዬ ለመጠየቅ ነበር፤ እመኑኝ፣ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው። ታደሰ ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት የኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰሎሜ ከሴቶቹ መካከል ናት። ስለ ጽዳት ተወራ፤ ስለ ውሃ ተወራ፤ «ልዩ ልዩ» ተባለ። እጄን አወጣሁ።

«ጓዲት ይናገሩ» አሉ ጓድ ወርቁ።

ተነሣሁ። ጣሪያ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።

«የቃለ ጉባኤ እርማት አለኝ» አልኩ።

ጸሐፊው ቀና አለ። እርማት ማለት ለእሱ ስድብ ነው። «የትኛው ቃለ ጉባኤ?»

«የእንግሊዝኛው። እኔ የተናገርኩት።»

«ፈጽሞ አልቀናም የሚለው?» አገላበጠና አገኘው። «በትክክል ነው የተጻፈው።»

«አጻጻፉ ትክክል ነው። ነገሩ ነው ውሸት።»

 ልጇን ስታጠባ የነበረች አንዲት ሴት ልጁን ከጡት አላቀቀችው፤ እሱም አላለቀሰም። ጓድ ወርቁ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ ነገር በመመሪያ ውስጥ የለም፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው።

«በምን ይተካ?» አሉ።

«እቀናለሁ በሚል።»

«በምን ላይ?»

«በባለቤቴ።»

ከሴቶቹ መካከል «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የሐሊማ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ «ለመዝገቡ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜ ነው ወይስ ዘወትር?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሰው ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ሰላም አላልኩትም።

ከቤት ስወጣ ቢጠይቁኝ ኖሮ «አንዳንድ ጊዜ» እል ነበር። ሰው ፊት የምትባለው ጨዋዋ መልስ እሷ ናት። ድምፄ ግን እንደማላውቀው ሰው ድምፅ ጮክ ብሎ ወጣ።

«ዘወትር! በዛፉም ቀን፣ በጋቢናውም ቀን፣ ሸሚዝ በተኮሰበትም ቀን! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ! ወጡን እያማሰልኩ፣ ዳንቴሉን እየሠራሁ! ዝም ያልኩት ስላልቀናሁ አይደለም። ሳሙናውም እርጥብ ላይ ይቀመጣል!»

ስለ ሳሙናው ማንም አልገባውም፤ ከሰሎሜ በቀር። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ። ስትስቅ ነው። ቀና ብላ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አስተካክለዋለሁ» አለች። እኔም ተቀመጥኩ። 

ጓድ ወርቁ ከኮሚቴው ጋር አንሾካሾኩና ቆሙ። «ጓዲት ያቀረቡት ግለ ሂስ ሐቀኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ገና ስላልመጣ መምህርቷ እዚያው እንድትቆይ ተወስኗል። ግለ ሂሱን የምትቀበሉ እጅ አውጡ።»

ይኸው ነው እንግዲህ። የሆዴን ምስጢር ለመላው ቦሳ አዲስ ገልጬ አንዲት ቆርቆሮ እንኳ አላገኘሁም። አንገቴን ደፍቼ ጸሐፊው በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር ሰማሁ። የተገኘነው ስልሳ አንድ ሰው ነበርን። ባለጉዳይ እጅ ስለማያወጣ ስልሳ እጅ መሆን አለበት። ጸሐፊው ቆጥሮ ጨረሰና ፊቱ ተለወጠ።

«ስልሳ አንድ» አለ።

«እንደገና ቁጠር» አሉ ጓድ ወርቁ።

ቆጠረ። ስልሳ አንድ።

ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጓዶች፣ በመካከላችን ሰርጎ ገብ ሳይኖር አይቀርም!» አሉ። ቀልድ አይደለም። በዚያ ዘመን በዚህ ቃል የሚቀልድ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ማየት ጀመረ። አባ መጫ እጃቸውን እንዳወጡ ካንቀላፉበት ነቅተው ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ቆጠሩ። «እጅ እንዳታወርዱ! ማንም እንዳያወርድ!»

እኔም እንደ ሌላው ዞሬ ተመለከትኩ። ከኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ታደሰ ያበጠ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ እንደሚፈተሽ ሰው፣ እስከ ክርኑ ሳይሆን እስከ ትከሻው። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ሕፃን ልጅ ሽልማት ሲሰጠው እንደዚያ ይመስላል፤ በጎልማሳ ፊት ላይ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎች ቁመት ስለከለለው ጸሐፊው የሚያየው እጆቹን ብቻ ነው።

ሰርጎ ገብን ያወቀ ሰው መጠቆም ግዴታው ነበር። እኔም አውቄያለሁ። ጓድ ወርቁም በጥርጣሬ ሲያዩኝ ነበር።

«እርስዎ የሚያዩት ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

ጸሐፊው ለሦስተኛ ጊዜ ከአንድ ጀመረ። ታደሰ እጁን አላወረደም። እኔም ወደ ፊት አልዞርኩም።